ስህተት ነጋሪው መጨረሻ ሲነሳ

በመሥሪያ ቤቱ «መርማሪዋ» ነበር የሚሏት። የሰርቨሩን ከርነል፣ ማለትም ማሽኑ ሲበራ የውስጥ ዕቃውን ሁሉ በየተራ ቀስቅሶ ሥራ የሚያስጀምረውን ፕሮግራም፣ የምትጽፈው እሷ ናት። አለቃዋ የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቤት «ጋሼ»፣ ቢሮ «አለቃ»።

አለቃ ደረቱን የሚነፋበት አንድ ነገር ቢኖር፣ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ስክሪኑ ላይ የሚወጣው «የሃርድዌር ስህተት፦ ዜሮ» የሚል መስመር ነው። መርማሪዋን ግን ይህ ዜሮ አላማራትም። ሳምንቱን ሙሉ ኮዱ ላይ አቀርቅራ ከረመችና ጉዱን አወጣችው፦ ስህተት የሚመዘግበው ድራይቨር፣ ማለትም በከርነሉ ሥር ያለው ትንሽ ረዳት ፕሮግራም፣ የሚነሳው ከሁሉም መጨረሻ ነው። ሜሞሪው ሲሳሳት፣ ዲስኩ ሲያቃስት፣ እሱ ገና ለጥ ብሎ ተኝቷል። ሲነቃ ሁሉም ነገር አልፏል፤ «ሰላም ነው» ብሎ ይጽፋል።

ቅደም ተከተሉን ለወጠችና እሱን አስቀደመችው። አርባ አንድ ስህተት ተደረደረ።

አለቃ ክው አለ። «አንቺ ሳትነኪው ዜሮ ነበር እኮ! አርባ አንዱንም ያመጣሽው አንቺ ነሽ!»

«ጋሼ፣ ድሮም ነበሩ። የሚነግረን ነው ያልነበረው።»

«ታዲያ ምን አስቀሰቀሰሽ? ነገ ማሽኑን ሊያዩ ገዢዎች ይመጣሉ። ወደ ቦታው መልሺው!»

የለወጠችውን ቅጂ ለብቻው አስቀምጣ ድራይቨሩን ወደ መጨረሻ መለሰችው።

በማግስቱ ገዢዎቹ ከበው ቆሙ። አለቃ ማሽኑን አበራው። ማሽኑ «ስህተት፦ ዜሮ» አለና ድርቅ ብሎ ቀረ።

የገዢዎቹ ቴክኒሻን፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሸምገል ያሉ ሴት፣ ጎንበስ ብለው አዩት። «ደህና ከሆነ ታዲያ ምን ነካው?»

«እ... እያሰበ ነው» አለ አለቃ፣ ላቡን እየጠረገ።

መርማሪዋ ከዚህ በላይ አልቻለችም። «አንዴ ይፍቀዱልኝ» አለችና የትናንቱን ቅጂ ጭና አስነሳችው። ማሽኑ እንደገና ከመድረቁ በፊት ስህተቶቹ ስክሪኑ ላይ ወጡ፤ ከላይ «ሦስተኛው የሜሞሪ ካርድ ተበላሽቷል» ይላል። ሴትዮዋ ካርዱን ነቅለው ሌላ ሰኩ። ማሽኑ ተነሳ።

«ያመመውን የሚናገር ማሽን ነው የምፈልገው» አሉ ሴትዮዋ። ውሉ ተፈረመ።

በሳምንቱ ሁለት ደብዳቤ ወጣ። አንዱ፣ ከበላይ ኃላፊዎች የመጣው፣ አለቃን «ስለ ግልጽነቱ» ያመሰግናል። ሁለተኛው መርማሪዋን «ድራይቨር ያለ ተራው በማስነሳት» ያስጠነቅቃል። ይህን የፈረመው ራሱ አለቃ ነው።

እናቷ ማታ የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከዚያ ስልኩን አነሱ።

«አንተ!» አሉ ታናሽ ወንድማቸውን። «አሁኑኑ እዚህ ድረስ ና!»

አለቃ መጣ። ሳሎን ውስጥ እጁን አጣምሮ ቆሞ አንድ ሰዓት ሙሉ ተወቀሰ፤ አንዴም ቀና አላለም። ሰኞ ጠዋት ማስጠንቀቂያው ተሻረ።