ሰባ ላይ የሚንቀጠቀጠው ውሃ

የሰፈሩ ሰው «ጆሮ» ይለዋል። ጋራዡና መኖሪያ ቤቱ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። መካኒክነት ያስተማረው ሰው የለም፤ አንድ ክንድ የምታህል ቀጭን ብረት አለችው፣ አንዱን ጫፏን የሚሠራ ሞተር ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ሥር ያደርግና ዐይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ባለመኪናው ቸኩሎ «እህ፣ ምን ሆነ?» ካለው፣ «ገና አልነገረኝም» ነው መልሱ።

በዚያ ሳምንት የሠራው የታናሽ እህቱን ፒካፕ ነበር። እህቱ የከብት ሐኪም ናት። ድንጋያማው መንገድ የመኪናዋን ሆድ እየቧጨረ ቢያስቸግራት «ጋሼ፣ እባክህ ከፍ አድርግልኝ» አለችው፤ መኪናውን የሚሸከመውን ባሌስትራ ለውጦ አራት ጣት ያህል ከፍ አደረገላት። ከፍታው ግን መዘዝ ይዞ መጣ። ከሞተሩ በኩል ተነሥቶ የኋላ ጎማዎችን የሚያዞረው ረጅሙ ዘንግ፣ ቀድሞ ለጥ ብሎ የተኛ የነበረው፣ አሁን ቁልቁል ተንጋደደ። ፍጥነቱ ሰባ ሲደርስ መኪናው ወባ እንደያዘው ሰው ይንዘፈዘፍ ጀመር። ከሰባ በታች ምንም የለም።

«እንግዲህ ያንተው በሽተኛ ነው» አለችው። «ላም ቢሆን መርፌ ወግቼ እገላገል ነበር።»

መድኃኒቱ ከባድ አልነበረም። ዘንጉ መሐሉ ላይ በአንድ ኩሽኔታ ተንጠልጥሏል፤ ኩሽኔታው ደግሞ በሁለት ብሎን ከመኪናው ሆድ ጋር ታስሯል። በመካከሉ ሁለት ቁራጭ ብረት አስገባ፤ ረዘም ያሉ ብሎኖች አድርጎ ኩሽኔታውን ዝቅ አደረገው፣ ዘንጉም ተቃና። ወጥተው ሞከሩት። ሰባ ላይ እንኳ ንቅንቅ አላለም።

ጆሮ አንድ ልማድ አለው። ብሎን አጥብቆ ሲጨርስ ከንፈሩን በአጭር ጸሎት ያንቀሳቅስና፣ ከብሎኑ ራስ እስከ ብረቱ ድረስ ነጭ የቀለም መስመር ያሰምራል። ብሎኑ ከላላ መስመሩ ይሰበራል። መስመሩን ሳያይ መኪና ከክሪክ አውርዶ አያውቅም።

ሐኪሟ መኪናዋን በወሰደች በሁለተኛው ቀን፣ እሱና ሚስቱ ምሳ በልተው እንደተቀመጡ፣ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ተንቀጠቀጠ። ከመሐል ወደ ጠርዝ ክብ ክብ እየሠራ። አጠገቡ ያለው የሚስቱ ብርጭቆ ጸጥ ብሏል።

«ከባድ መኪና አለፈ እንዴ?» አላት።

«የት አባቱ? መንገዱ ላይ ድመት እንኳ የለችም።»

መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። እንጨቱ አይነቃነቅም። ብርጭቆውን አንሥቶ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠው፤ ውሃው እዚያም ተንቀጠቀጠ። ይሄኔ ብረቷን አምጥቶ ጫፏን ብርጭቆው ላይ አስደገፈና ጆሮውን ሰጠ።

«ደግሞ ብርጭቆ ማከም ጀመርክ?» ብላ ሚስቱ ሳቀች። ፊቱን ስታይ ሳቋን ዋጠችው።

ድምፁን ያውቀዋል። ሳምንቱን ሙሉ ከፒካፑ ሲሰማው የከረመው ነው። ስልኩን አነሣ።

«እታለም፣ የት ደረስሽ?»

«ሜዳውን እየጨረስኩ ነው ጋሼ። ድምፅ ማጉያው ላይ ነህ፤ ተናገር።»

«ስንት ላይ ነሽ?»

«ትራፊክም ሆንክልኝ? ሰባ።»

«ይንቀጠቀጣል?»

«ኧረ ምንም! ተኝቶ ነው የሚሄደው።»

«እስቲ ወደ ሃምሳ ቀንሺልኝ።»

ውሃው ቀስ በቀስ ረጋ። የቤቱ ጣራ ቁልጭ ብሎ ታየበት።

«አሁን ጨምሪ። እየቆጠርሽ።»

«ስልሳ… ስልሳ አምስት… ምን ጨዋታ ነው ይሄ? ሰባ።»

ቃሉ ካፏ ከመውጣቱ ውሃው ክብ ሠራ። ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች።

«ብሎኖቹን አጥብቄያለሁ» አለ ለራሱ ያህል። «መስመሩን አይቼ ነው ያወረድኩት።»

«ነጩን መስመር?» እህቱ ሳቀች። «እሱንማ እኔ ነኝ የቀባሁት! እጅህን ልትታጠብ ስትሄድ ላግዘው ብዬ። አያምርም? የሐኪም እጅ እኮ ነው።»

አሁን ትዝ አለው። ያኔ ብሎኖቹን በጣቱ ብቻ ነበር ያስገባቸው፤ እጁ ዘይት ሆኖ መፍቻው እየሾለከ ቢያስቸግረው ነው ሊታጠብ የሄደው። ሲመለስ መስመሩ ተሰምሯል። ጸሎቱን ያድርስ አያድርስ እንኳ ራሱን አልጠየቀም።

«እታለም፣ ስሚኝ። ፍሬኑን በድንገት እንዳትረግጪ። እግርሽን ከነዳጁ ላይ አንሺና ዳር ያዢ። ከዚያ ወርደሽ ከሥር ብሎኖቹን እዪልኝ።»

ውሃው ረጋ። የበሩ ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ የጠጠር ኮሽታ።

«ጋሼ… አንዱ የለም። ቀዳዳው ብቻ ነው ያለው። ሌላውም ጫፉ ላይ ነው የቀረው፤ ብነካው ይወድቃል። ፊት ለፊቴ ደግሞ ቁልቁለቱ ነው።»

የጎረቤት መኪና ለምኖ፣ ብሎንና መፍቻ ይዞ በረረ። ጠጠሩ ላይ በጀርባው ተኝቶ ክንዱ እስኪዝል አጠበቀ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እህቱ ብሩሹን አቀበለችው፤ መስመሩን ራሱ አሰመረ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሦስቱም ያው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ፒካፑ ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሚስቱ ለሁሉም ውሃ ቀዳች።

«ጋሼ፣ ይቺን ብርጭቆ ለኔ ስጠኝ» አለች ሐኪሟ፣ የፊቷ ቀለም ገና ሳይመለስ። «ካንተ ትሻላለች።»

ሳቁ ሳያልቅ የእሱ ውሃ ክብ ሠራ።

እህቱ ቁልፉን አየች። ሚስቱ በመስኮት ፒካፑን አየች። ንቅንቅ አላለም። ጆሮ ብረቷን አስደግፎ አዳመጠ። የእህቱ መኪና ድምፅ አይደለም፤ ወፈር ያለ፣ ዘገም የሚል ነው። የሆነ ጊዜ በእጁ ያለፈ፣ ግን የማን እንደሆነ የማያስታውሰው።

ሃያ ሁለት ዓመት የሠራቸውን መኪኖች ባለቤቶች ስልክ የመዘገበበትን ደብተር ከመደርደሪያው አወረደ። ስንቱን ብሎን በእጁ ሳይነካ በዐይኑ ብቻ አምኖ እንደሸኘ ፈጣሪ ይወቅ። መነጽሩን አድርጎ ከመጀመሪያው ስም ጀመረ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ጆሮ ነኝ፣ መካኒኩ። አሁን እየነዱ ነው?»

«የለም፣ ቤቴ ነኝ። ምነው በደኅና?»

«በደኅና ነው። ደኅና ያምሹ።»

ውሃው አልረጋም። ጣቱን ወደ ሁለተኛው ስም አወረደ። እህቱ ወንበሯን አስጠጋችና ደብተሩን ከኋላ ገለጠችው።

«አንተ ከፊት፣ እኔ ከኋላ» ብላ ስልኳን አወጣች።

ሚስቱ ብርጭቆውን ሳትነካ በሁለት መዳፏ ከለለችው፤ ዐይኗን ከውሃው ላይ ሳትነቅል እስኪረጋ ትጠብቅ ጀመር።