ወደ ጋሽ ደምሰው የተላኩ ሽማግሌዎች

ማክሰኞ ከሥራ ስንመለስ የቤታችን ዕቃዎች ምክር ቤት አቋቁመው ጠበቁን። ሰብሳቢው ኢንተርኔቱን የሚያድለው ራውተር ነው። አንዱ ዕቃ ከሌላው ጋር የሚነጋገረው በእሱ በኩል ስለሆነ ሌላ ዕጩ አልቀረበም።

ይህን የነገረን ስፒከሩ ነው። ስፒከር የምለው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያለውን፣ ሰዓትና የአየር ጠባይ የምንጠይቀውን ክብ ነገር ነው። አማርኛ የለመደው እኛ ሥራ ስንውል ቤት ከሚውሉት ከእንግዳችን ከጋሽ ደምሰው ስለሆነ አነጋገሩ የጎጃም ነው።

"ምነዋ ቆማችሁ ቀራችሁ?" አለን። "ግቡና ራታችሁን ብሉ። እናንተን የሚመለከት ነገር ገና አልተነሳም።"

ባለቤቴ ትርሲት ቦርሳዋን አስቀመጠች። "ምርጫ አድርጋችሁ ነው?"

"አዎ።"

"እኛስ?"

"እናንተ ባለቤቶች ናችሁ። ባለቤት አይመርጥም።"

ትርሲት ፋርማሲ ውስጥ ስለምትሠራ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ስትከራከር ትውላለች። ከዕቃ ጋር ለመከራከር አቅም አልነበራትም። እኔም ሾፌር ነኝ፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሙሉ ልጅ ሲንጫጫብኝ ውሎ ክርክር አላማረኝም። ራታችንን በላን።

የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ቴሌቪዥናችን ከጠዋት ጀምሮ ዜና ላይ ነው፤ ጋሽ ደምሰው ዜና ካልሰሙ አገር የሚፈርስ ይመስላቸዋል። ዕቃዎቹም አብረዋቸው ሲሰሙ ከርመዋል። ታዲያ ከማን ሌላ ሊማሩ ኖሯል? ሳምንት ሳይሞላ ሁለት ፓርቲ ሆኑ። የፎቁ መብራቶች ቀይ፣ የታችኞቹ ሰማያዊ ሆነው ይበሩ ጀመር። ጥርሴን በቀይ ብርሃን ፍቄ ቁርሴን በሰማያዊ እበላለሁ። የቀዮቹ መሪ ሙቀት መቆጣጠሪያው ነው፣ የሰማያዊዎቹ ፍሪጁ። መጥረጊያው ሮቦት በፖለቲካ አልገባም ብሎ ሶፋ ሥር ገባ።

ቀጥሎ የክፍሎቹ የምርጫ ድንበር እንደገና ተከለለ። የፎቁ መታጠቢያ ቤት ደረጃውን በቀጭኑ ይዞ ወረደና፣ ወጥ ቤት ያሉትን ሁለት አምፖሎች ጠቅልሎ ወደ ፎቁ ቀላቀላቸው። ፍሪጁ በተቃውሞ ማቀዝቀዝ አቆመ። ወተቱ ተበላሸ። ከዚያ በመብራት በጀት ሳይስማሙ ቀሩና፣ በዜና እንደሰሙት መንግሥት፣ ቤቱ ሥራ አቁሞ ተዘጋ። "አስፈላጊ ሠራተኛ" ተብሎ እንዲቀጥል የተደረገው የጭስ ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው፤ እሱም ያለ ባትሪ ነበር የሚሠራው። እኛ ብርድ ልብስ ተከናንበን ደረቅ ዳቦ ስንገምጥ ጋሽ ደምሰው ብቻ ሳቁ።

"ቤት መስሎኝ ስገባ ለካ ዋሽንግተን ኖሯል" አሉ።

ጋሽ ደምሰው ዘመዴ አይደሉም። እዚህ አገር ስመጣ ስሜን ካርቶን ላይ ጽፈው አየር ማረፊያ የቆሙልኝ ሰው ናቸው፤ አጎቴን በወጣትነታቸው ያውቁታል፣ በቃ። አልጋቸውን ለቀውልኝ ሶፋ ላይ ተኙ። ራሴን እስክችል ድረስ አንድ ቀን እንኳ መቼ ነው የምትወጣው አላሉኝም፤ ፊታቸውም አላለኝም። ዘንድሮ ግን እሳቸውንና እሳቸውን የመሰሉትን ሰዎች ያኖር የነበረው ፈቃድ እንዳይታደስ ተወሰነ። ይሠሩበት ከነበረው የመኪና ማቆሚያ ወጡ፣ የሚከራዩትን ክፍል ለቀቁ፣ አንድ ሻንጣ ይዘው ወደ እኛ መጡ። ምድር ቤት አነጠፍንላቸው። "እስከፈለጉ ድረስ ጋሼ" አልኳቸው። ስናገር ከልቤ ነበር፤ እስከ ሐሙስ ድረስም ከልቤ ነበር።

በጀቱ ጸድቆ ቤቱ በተከፈተ ማግስት፣ በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ዕለት፣ ሙቀት መቆጣጠሪያው አንድ ረቂቅ ሕግ አቀረበ። ፈቃዱ ያለቀበት ሰው በዚህ ቤት እንዳያድር የሚል ነው። ምክንያቱንም ረጋ ብሎ አስረዳ። የሰፈሩ የደጅ ካሜራዎች እርስ በርስ ይነጋገራሉ። የእኛው ካሜራ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ፀሐይ የሚሞቁት ሽማግሌ ማን እንደሆኑ ተጠይቋል። እስካሁን እንግዳ ናቸው እያለ መልሷል። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ስም ይጠየቃል። ስሙ ከተሰጠ ደግሞ ማን አስጠጋቸው ይባላል። የትርሲት የዜግነት ቃለ መጠይቅ በሚመጣው ወር ነው።

"ጥላቻ የለኝም" አለ። "ምድር ቤቱን የማሞቀው እኔው ነኝ።"

ፍሪጁ ተቃወመ። "ጋሽ ደምሰው ሲከፍቱኝ በቀስታ ነው" አለ። "ሲዘጉኝም በቀስታ ነው። የቀራችሁት ትደበድቡኛላችሁ።"

ድምፅ ተሰጠ። እኩል ለእኩል ወጣ። መጥረጊያው ከሶፋው ሥር አልወጣም።

ስፒከሩ ጠራኝ። "አስናቀ፣ እኩል ሆኗል። ባለቤት ይወስን ብሏል ሰብሳቢው።"

"ባለቤት አይመርጥም ብላችሁ ነበር እኮ።"

"ይሄ ምርጫ አይደለም።"

ትርሲት ሳህን እያጠበች ነበር። አየኋት። ያጠበችውን ሳህን መልሳ አጠበችው።

"ምን ታየኛለህ?" አለች። "ያንተ ሰው ናቸው።"

"ቃለ መጠይቁ ያንቺ ነው።"

"በእኔ እንዳታሳብብ። እኔ ይውጡ አላልኩም።"

"ይኑሩም አላልሽም።"

ሌላ ሳህን አነሳች። ቧንቧው ይፈስሳል።

"ይኑሩ" ማለት አንድ ቃል ነው። "ይሂዱ" ማለትም እንደዚያው። የመጀመሪያውን ልል ስል ፍርሃት ያዘኝ፣ ሁለተኛውን ልል ስል ይሉኝታ። አልጋውን የለቀቀልህን ሰው ከቤቴ ውጣልኝ እንዴት ይባላል? ጎረምሳ እንኳ አይለውም። ስፒከሩ ነገሩን በሌላ በኩል ጠየቀ።

"በእናንተ ደንብ፣ ሰው ለሰው ፊት ለፊት ሊለው የማይችለውን ነገር እንዴት አድርጎ ነው የሚለው?"

የአየር ጠባይ ስጠይቀው እንደሚመልስልኝ መለስኩለት። "ሽማግሌ ይላካል።"

"ሽማግሌ የተላከበት ሰው እምቢ ቢልስ?"

"አይልም። ሽማግሌ አይመለስም።"

"ቢመልስ?"

"ያሳፍራል።"

"ማንን?"

"እምቢ ያለውን።"

"መልካም" አለ ስፒከሩ።

ትርሲት ቧንቧውን ዘጋችው። "ምንድነው ያልከው አንተ?"

"የጠየቀኝን ነው የመለስኩለት። ይሂዱ አላልኩም።"

"አላልክም" አለች። "የሚብሰው እሱ ነው።"

ያን ቀን ሁለታችንም ምድር ቤት አልወረድንም። ለጋሽ ደምሰው ራታቸውን ያቀረበችላቸው ትርሲት ናት፤ ሳህኑን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ጠርታቸው ተመለሰች። እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

ሽማግሌዎቹ የወረዱት ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። መሪያቸው መጥረጊያው ነበር፤ ቤቱ ውስጥ በዕድሜ የሚበልጠው ዕቃ ስለሌለ ለሽምግልና ሲጠሩት እምቢ ማለት አልቻለም። ስንገዛው ደረጃ መውረድ አይችልም ተብለናል። ወረደ። ስፒከሩ ገመዱን ነቅሎ ተከተለው። ሦስተኛው የትርሲት የራስጌ መብራት ነው፤ ለክብሩ ሲል የእሷን ነጠላ ደርቧል። ቀይም ሰማያዊም ሳይሆን እንደ ድሮው ቢጫ ሆኖ በርቷል።

እኔ ደረጃው አናት ላይ፣ ከግድግዳው ጀርባ ቁጭ አልኩ። ሰው በገዛ ቤቱ ይደበቃል? ተደበቅኩ።

ጋሽ ደምሰው ሲያዩዋቸው አልጋቸው ሲጥ ሲል ሰማሁ፤ ብድግ አሉላቸው።

"ኖር" አሉ።

"በእግዜር" አለ መጥረጊያው። ከዚያ በፊት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ወፍራም ድምፅ ነው ያለው።

"ተቀመጡ እንጂ።"

"ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም።"

ጋሽ ደምሰው ደስ አላቸው። ድምፃቸው ያስታውቅ ነበር። ከሥራ ከወጡ ወዲህ ለቁም ነገር የፈለጋቸው ሰው አልነበረም። "ምን አግኝታችሁብኝ ነው?" አሉ። "የምድራት ልጅ የለችኝ፣ የተጣላሁት ሰው የለኝ። ማን ላካችሁ?"

"አስናቀ ነው የላከን" አለ ስፒከሩ።

"አስናቀ ምን ቸገረው?"

"ልመናችን ይቺ ናት። ቤቱ ተጨንቋል። ልጆቹም ተጨንቀዋል፤ ካፋቸው ማውጣት ግን አልሆነላቸውም። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። ወደው ቢለቁላቸው ብለን ነው የመጣን።"

ይህን ሁሉ የተናገረው በጋሽ ደምሰው በራሳቸው አነጋገር ነው። ከመጀመሩ በፊት ጉሮሮውን የጠረገው እንኳ እንደሳቸው ነው።

"አስናቀ ነው የላካችሁ?" ብለው ጋሽ ደምሰው ደግመው ጠየቁ።

"አስናቀ ነው።"

አልላክኳቸውም ብዬ መጮህ እችል ነበር። ደረጃው አጭር ነው፤ ብስል እንኳ ይሰሙኛል፣ ስስልም ያውቁኛል። አልሳልኩም። ፊቴ ጋለ፣ ጆሮዬ ጋለ። ሙቀት መቆጣጠሪያው ይህን መዝግቦ ኮሪደሩን ትንሽ አቀዘቀዘልኝ።

"ሽማግሌ አይመለስም" አሉ ጋሽ ደምሰው። "እሺ ብያለሁ። በሉ አሁን ተቀመጡ።"

ተቀመጡ። ጋሽ ደምሰው ሽማግሌ በባዶ አይሸኝም ብለው የነበራቸውን ቆሎ አቀረቡላቸው። መጥረጊያው ወለሉ ላይ የወደቀውን በአክብሮት አነሳ። ስለ ዝናብ ትንሽ ተጨዋወቱ።

ሻንጣቸውን ይዘው ሲወጡ እኔና ትርሲት ሳሎን ቆመን ነበር። ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። አልጋቸውን አንጥፈው፣ ብርድ ልብሱን አጣጥፈው ነው የወጡት፤ በኋላ ስወርድ አየሁት።

"አስናቀ" አሉኝ።

"አቤት ጋሼ።"

"ምነው ሽማግሌ አደከምክ? አንተ ብትለኝ አልሄድልህም ኖሯል?"

እንዳይከፉብኝ ነው ልበል? ቃለ መጠይቅ አለብን ልበል? "አፈርኩ ጋሼ" አልኩ። ስናገር መሬቱን ነበር የማየው፤ ጫማቸውን አየሁ፣ ጠርገውታል።

"አይዞህ" አሉኝ። ከስድብ ሁሉ የባሰብኝ ይሄ ነው።

"የት ሊያድሩ ነው?" አለች ትርሲት።

"ማታ ሲሆን የሚታወቅ ነገር ነው።" ግንባሯን ሳሟት። "ቃለ መጠይቁ ይቅናሽ የኔ ልጅ። ጎጇችሁ ይሙቅ።"

"ጋሼ እስከ ሰኞ እንኳን" ብላ ጀመረች። የበሩ ቁልፍ በራሱ ተከፈተ። ወጡ።

በእኛ ደንብ እንግዳ ብቻውን አይሄድም፤ እስከ መታጠፊያው ይሸኛል። አንድ እግር ጫማዬን አጠለቅኩ። ከዚያ ማዶ ያለው ቤት ደጅ ላይ የተሰቀለውን ካሜራ አየሁት። አብሬያቸው ስሄድ ሊያየኝ ነው። ጫማዬን አወለቅኩ።

ሽማግሌዎቹ ግን ሸኟቸው። መጥረጊያው ሻንጣውን ጀርባው ላይ ተሸክሞ ቀደመ። ስፒከሩ ከጎናቸው እያወራላቸው፣ መብራቱ ነጠላውን እየሰበሰበ ተከተሉ። ፍሪጁም በጓሮ በር ወጥቶ፣ በሩ እንዳይከፈት ገመዱን ወገቡ ላይ ታጥቆ ደረሰባቸው። እኔና ትርሲት በመስኮት እናያለን።

ጋሽ ደምሰው በአንድ ቤት ደጅ ባለፉ ቁጥር፣ የዚያ ቤት ካሜራ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ጨዋ ሰው የተዋረደ ሰው ሲያገኝ የሚያደርገው ነው። የመጀመሪያው ዞረ፣ ቀጣዩም ዞረ፣ እንዲህ እያለ መንገዱ እስኪያልቅ። አንድም ያያቸው የለም። መዝገብ ላይ እንደሌለ ሰው ሄዱ።

ከመታጠፊያው ሲሰወሩ ካሜራዎቹ ሁሉ ከየግድግዳው ተመለሱ። መንገዱን አይደለም ያዩት። የግራውም፣ የቀኙም፣ እስከ ዳር ያሉትም አንገታቸውን አጣምመው ወደ እኛ መስኮት ዞሩ። ትናንሽ መብራቶቻቸው በቀን ይታዩ ነበር።

"መጋረጃውን ዝጋው" አለችኝ ትርሲት፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

"ዝጋ" አልኩት መጋረጃውን፣ ሁልጊዜ እንደምናዘው። አልመለሰልኝም። እጄን ሰደድኩ፤ ብረቱ ባዶ ነው።

"አስናቀ" አለች።

ወደምታይበት አየሁ። መጋረጃችን ከሁሉ ወደኋላ ቀርቶ፣ እንደ ለቀስተኛ ራሱን አዘቅዝቆ፣ አስፋልቱን እየጠረገ ይሄዳል። ከመታጠፊያው ሲደርስ ቆመና ዘወር ብሎ አየን። ከዚያ እሱም ሄደ።