ግማሹ ሽሮፕ

«መጀመሪያ አንቺ!» ብላ ሚጡ አፏን በሁለት መዳፏ ከደነች።

እናት የያዘችውን ትንሽ ኩባያ እያየች በሩን ገልመጥ አደረገች። ሲስተሯ «ከኦፕሬሽኑ በፊት የሚያረጋጋት ሽሮፕ ነው፤ ሙሉውን ጠጥታ ትጨርሰው» ብላ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄዳለች። በቤታቸው መድኃኒት የሚጠጣው እንዲህ ነው፤ እናት ትቀምሳለች፣ ልጅ ትከተላለች። ያለዚያ አምስት ዓመት ሙሉ በዚያች አፍ አንድ ጠብታ አልገባም። ስለዚህ ፉት አለችው። ሚጡ ግን ማን ሞኝ አላት!

«አልዋጥሽም! በከንፈርሽ ብቻ ነው!»

እናት በደንብ ተጎንጭታ ዋጠች። ልጅ የተረፈውን ጠጥታ ፊቷን አጨማደደች።

«ጎበዝ! ሙሉውን ጠጣች?» አለች ሲስተሯ ተመልሳ።

«ጥርግ አድርጋ!» አለች እናት፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። እውነቱን ብትናገር ሰባት ወር የጠበቁት ቀጠሮ የሚሰረዝ መስሏት ነው።

የሚጡ ሸውራራ ዓይን ኦፕሬሽን ሲደረግ ይህ ሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ሽሮፕ የሚባል ነገር አልነበረም፤ አራት ሰዎች እጅና እግሯን ይዘው ነው ማደንዘዣውን ያስሸተቷት። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ሁለት ሳምንት አልተናገረችም። ዛሬ እናት «እኔ ልሙት፣ አቅፌሽ ነው የምገባው፤ ማንም አይይዝሽም» ብላ ምላለች፤ ሐኪሞቹም ፈቅደዋል። ለሚጡ ያለቻት እሷ ብቻ ናት።

ሃያ ደቂቃ አለፈ። ሚጡ አልጋው ላይ ትዘላለች። እናት ግን ከትናንት ጀምሮ እህልም እንቅልፍም አላየችምና መድኃኒቱ ባዶ ሆዷን አግኝቶ ተጫወተባት፤ ግድግዳውን ተደግፋ ነው የቆመችው።

የማደንዘዣ ባለሙያው መጣ። «ይቺ ሽሮፕ የጠጣች ትመስላለች?»

«እናቷ ጥርግ አድርጋለች ብላለች» አለች ሲስተሯ።

«እንግዲያው መጨመር አይቻልም፣ ትንፋሿ ይቆምብናል። ይዘን ማስገባት ነው፣ ምን ይደረጋል።»

ሚጡ መዝለሏን ትታ የእናቷን ቀሚስ ጨመደደች። «እማ፣ ሊይዙኝ ነው?»

እናትን ጭንቅ ጥብብ አላት። ዝም ካለች ልጇ ዳግም በጉልበት ልትያዝ ነው። ከተናገረች ደግሞ፣ በእግሯ መቆም ላቃታት ሴት ልጅ አቅፋ እንድትገባ ማን ይፈቅዳል?

«ዶክተር…» ምላሷ ከበዳት። «ግማሹን የጠጣሁት እኔ ነኝ። አልጠጣም ስትለኝ። ኩባያው ላይ መስመር አለ፤ እሷ የጠጣችው ከመሃል በታች ያለውን ነው።»

«እንዴ! በመድኃኒት ይዋሻል?» ባለሙያው ጮኸባት። ከዚያ ኩባያውን አንስቶ መስመሩን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የጎደለውን አስልቼ እሰጣታለሁ። አንቺ ግን አትገቢም። እዚሁ ጋደም በይ።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ልሙት ብለሽኝ አልነበር?» አለች ሚጡ።

«ብዬ ነበር፣ የኔ እናት። አጠፋሁ። ይሄን ከጠጣሽ ግን ማንም አይይዝሽም።»

ሚጡ እያለቀሰች የተጨመረላትን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው።

«ሲስተር፣ አሁኑኑ ውሰጃት» አለች እናት።

«መድኃኒቱ እስኪይዛት ከጎንሽ ትሁን እንጂ።»

«እኔ በእንቅልፍ ልቀድማት ነው። እማ ስትለኝ ዝም ካልኳት…» የሚጡን ጣቶች ከቀሚሷ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀችና ልጇን ለሲስተሯ አቀበለች።