አሥራ ሁለት ፎቅ፣ አሥራ አንድ ምሳ

ፍሬሰላም ዘጠነኛውን ታፔላ ጽፋ ወደ አሥረኛው ቀና ስትል አንዲት ሴት ጋሪ እየገፋች ሕንፃው በር ላይ ደረሰች። ጋሪው ላይ የተደራረቡት ምሳ ዕቃዎች በላስቲክ ገመድ ተጠፍረዋል። ሴትየዋ ጋሪውን ጥበቃው አጠገብ አቁማ፣ ጥቂቱን በሁለት ፌስታል ከፋፍላ ገባች። ፍሬሰላም ቆጠራዋን ቀጠለች። አስመጪና ላኪ። የጉዞ ወኪል። አማካሪ ድርጅት። ሌላ አስመጪና ላኪ። የመጨረሻው፣ ሠላሳ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ሴትየዋ ባዶ እጇን ወጣች። ፍሬሰላም ሰዓቷን አየች። ስምንት ደቂቃ።

"ለአሥራ ሁለት ፎቅ?" አለች ለራሷ።

የመጣችው ለጥናት ነው። የምትሠራበት የግል ባንክ ካዛንቺስ አዲሱ መንገድ ዳር ካለው ከዚህ ባለ መስታወት ሕንፃ ምድር ቤቱን ተከራይቶ ቅርንጫፍ ሊከፍት አስቧል፤ ያዋጣል አያዋጣም ብላ የምትጽፈው እሷ ናት። አጠናኑ የታወቀ ነው። ከማዶ ቆሞ ታፔላ መቁጠር፣ ለእያንዳንዱ ታፔላ ስምንት ሠራተኛ መያዝ፣ በአማካይ ደመወዝ ማባዛት፣ ከዚያ ቢሮ ገብቶ ባለቀለም ሠንጠረዥ መሥራት። ከማዶ ቆሞ! ይህ ሁሉ ሕዝብ ያለበት ከተማ ኢኮኖሚ የሚጠናው የሕንፃ ግንባር እያዩ ነው፤ በሩን ከፍቶ "ውስጥ ሰው አለ ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ እንደ ሞኝ ይታያል። ባለፈው ዓመት በዚሁ ዘዴ ሌላ ሰፈር የተከፈተ ቅርንጫፍ ዓመት ሳይሞላው ተዘግቷል። ጥናቱ ላይ የፈረመው ልጅ ተሰናበተ፤ ያስፈረሙት አለቆች ግን ዕድገት አገኙ። ፍሬሰላም ደግሞ የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ አሥር ቀን ቀርቶታል።

መንገዱን ተሻግራ ጥበቃውን ጋሽ ኃይለገብርኤልን ጠየቀቻቸው። ስማቸው ደረታቸው ላይ በካርድ ተንጠልጥሏል።

"ጋሼ፣ እዚህ ስንት ሰው ነው የሚሠራው?"

"ሙሉ ነው።"

"ሙሉ ማለት?"

"ሙሉ ማለት ሙሉ ነዋ! አንድ ክፍት ክፍል የለም። የሚከራይ ፈልገሽ ከሆነ አትድከሚ።"

"አይ፣ ሰዎቹን ነው ያልኩት።"

"የምን ሰዎች?" አሉ ጋሽ ኃይለገብርኤል ከልባቸው ተገርመው። "የሚከራየው ክፍል ነው እንጂ ሰው ነው እንዴ?"

የሴትየዋ ጋሪ ወደ ኡራኤል በሚወስደው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ እየራቀ ነበር። ፍሬሰላም ማስታወሻዋን በብብቷ ይዛ ሮጠች።

"ይቅርታ እናቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

ሴትየዋ ዞር አለች። አርባ አምስት ቢሆናት ነው፤ ጥቁር ሻሿን ወደ ኋላ አስራ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባዋለች። "ማንን ነው እናት ብለሽ የምታስረጂው? ፋኢዛ እባላለሁ። ልጠይቅሽ በይ።"

"እሺ ልጠይቅሽ። እዚያ ሕንፃ ላይ ስንት ምሳ አደረስሽ?"

ጋሪው ቆመ። "ከገቢዎች ነሽ?"

"አይ፣ ከባንክ ነኝ።"

"ብድር አልፈልግም።"

"ብድር አልሰጥም።"

"ታዲያ ምን የምትሠሪ ባንክ ነሽ?" አለች ፋኢዛ፤ ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ፍሬሰላም የመጣችበትን ነገረቻት። ቅርንጫፍ ሊከፈት እንደሆነ አልደበቀችም፤ ስንት ሠራተኛ ይዞ እንደሚመጣ ግን አልተናገረችም።

"አሥራ አንድ" አለች ፋኢዛ ጋሪዋን መግፋት እንደጀመረች። "ሁለተኛ ፎቅ አራት፣ አምስተኛ ሁለት፣ ዘጠነኛ አራት፣ አንዱ የጋሽ ኃይለገብርኤል። ዛሬ ረቡዕ ስለሆነ ሰባቱ የጾም ነው።"

"ሌሎቹ ከቤት ይዘው ይመጡ ይሆናላ። ወይ ውጪ ይበላሉ።"

"ውጪ የሚበላ ሰው በሊፍት ይወርዳል አይደል? እኔ በስድስት ሰዓት ሊፍት ጠርቼ አንድ ቀን ጠብቄ አላውቅም። ስጠራው ይመጣል። ባዶውን።"

ፍሬሰላም ቀጥ አለች። ይህን መቼም የትኛውም ሠንጠረዥ አይነግራትም።

"ታፔላዎቹስ?"

"ታፔላ ምሳ ይበላል እንዴ? የኔ እህት፣ ነጋዴው ፈቃድ ሲያወጣ አድራሻ አምጣ ይባላል። ጠረጴዛና ወንበር ያስገባል፣ ስሙን ይለጥፋል፣ ቆልፎ ይሄዳል። ሥራውን የሚሠራው መርካቶ ነው። አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለውን ሰውዬ ያየሁት ሁለቴ ነው፤ ሁለቴም ቁልፉ ጠፍቶት።"

ፍሬሰላም ወደ ቢሮ መመለስ ነበረባት። ግን አንድ ጥያቄ አላስቆም አላት፤ ጋሪው ላይ ገና ከመቶ የሚበልጥ ምሳ ዕቃ አለ። አሥራ አንዱ እዚያ ከቀረ ይህ ሁሉ የት ነው የሚሄደው?

"አብሬሽ ብሄድስ?"

"ግፊ እንግዲያው" አለች ፋኢዛ እጀታውን ለቅቃላት።

ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ግድግዳው የተላላጠ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አለ። ታፔላ የለውም። ምድር ቤቱ ውስጥ ሠላሳ አራት ሰዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ይሰፋሉ፤ የአካባቢው ሆቴሎች አስተናጋጆች የሚለብሱት ሰደርያና ሽርጥ ከዚህ ነው የሚወጣው። ፎቁ ላይ ትራንዚተሮች አሉ፤ ጉምሩክ ዕቃ የሚያስለቅቁ፣ ስልካቸው ጆሯቸው ላይ የተጣበቀ። ከጀርባው ባለ አሮጌ ቪላ ደግሞ ለስብሰባ ማይክና ማዳመጫ የሚያከራዩ ወጣቶች ሽቦ እየጠቀለሉ ነበር።

"እነዚህ ዛሬ አሥራ ስድስት ናቸው" አለች ፋኢዛ። "የካቲት ላይ የአፍሪካ መሪዎች ለስብሰባ ሲመጡ ሃምሳ ይገባሉ። ያኔ ሁለት ሴት እጨምራለሁ።"

"ትራንዚተሮቹስ?"

"እነሱን ስሚ። ዕቃ አልገባ ያለ ጊዜ አንድ ምሳ ለሁለት ይካፈሉ ነበር። ጎረሱ አልጎረሱ እያልኩ ሳህኑን አይ ነበር። ዘንድሮ ለየብቻ ነው፤ አንዳንዱ እንዲያውም ድርብ ያዛል። ሰው ዜና ሰምቶ ነው የሚያውቀው፤ እኔ ሳህን ሳጥብ ነው።"

ወደ ባለ አራት ፎቁ ሲመለሱ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ በተከፈተ አንድ በር ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ፍራሾች ተደርድረው አየች። "እዚህ ደግሞ ምንድን ነው?" አለች ፍሬሰላም፤ ቢሮዋን ከረሳች ቆይታለች።

"የኮምፒውተር ልጆች። ለውጭ አገር ሰው ስልክ ይመልሳሉ። እኛ ስንተኛ እነሱ ይሠራሉ፣ እኛ ስንሠራ ይተኛሉ። ምሳቸው በአሥር ሰዓት ነው፤ እኔ አስቀምጬላቸው እሄዳለሁ። እንጀራውን ስጠቀልል 'ቀስ በይ፣ ይሰማል' ይሉኛል፤ እንጀራ ይሰማል?"

ፍሬሰላም ማስታወሻዋን ገልብጣ በአዲስ ገጽ መጻፍ ጀመረች። ሰፊዎች ሠላሳ አራት፣ ማይክ አከራዮች አሥራ ስድስት፣ የኮምፒውተር ልጆች ሃያ ሁለት፣ ትራንዚተሮች አርባ። እዚህ የሚሠራ ገንዘብ አለ፤ ባለገንዘቡ ግን ባንክ ፍለጋ እስከ ደምበል ወይ እስከ መስቀል አደባባይ መሄድ አለበት። ሰፊዎቹን የምታስተዳድር ሴት የደመወዝ ቀን ሦስት ሰው ለግማሽ ቀን ከማሽን እንደምታስነሳ ነገረቻት፤ ለወረፋ ብቻ።

ምሳ ዕቃው ሲያልቅ ፍሬሰላም ከዚህ በኋላ መደበቁ አሳፈራት።

"ፋኢዛ፣ ያየሁትን ከጻፍኩ ባንኩ እዚያ ሕንፃ ላይ አይገባም። ገብቶ ቢሆን ሃያ ስምንት ሠራተኛ ነበረው።"

እዚሁ ካዛንቺስ የነበረው የፋኢዛ ወጥ ቤት ከፈረሰ ወዲህ ደንበኞቿ በአራቱም ማዕዘን ተበትነው፣ አንድ በአንድ እየለቀመች ነው እዚህ የደረሰችው።

"ሃያ ስምንት? አንድ በር ላይ?"

"አዎ።"

"ይኼን ቅድም አትነግሪኝም? አንቺ! እንዲህ ሰው ይዘረፋል?" ቆጣ አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አሥራ አንድ አልኩሽ አይደል? ሃምሳ በይው። ማን ይቆጥራል?"

"አንቺ ቆጥረሻላ።"

"ተሳስቼ ይሆናል" አለች ፋኢዛ ፊቷን አዙራ፤ ጋሪዋን ተቀብላ ሰላም ሳትላት ሄደች።

ዋናው መሥሪያ ቤት ገብታ ሪፖርቱን ጽፋ ስትጨርስ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ተስፋማርያም ሪፖርቱን ቆመው አነበቡ፤ ከዚያ ተቀመጡ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ባለቤቱ የላከው ደብዳቤ ሠላሳ ስድስት ድርጅት ይላል።"

"ልክ ነው፤ ታፔላው ሠላሳ ስድስት ነው። ሰው ግን አሥራ አንድ ነው፣ ከጥበቃው ጋር።"

"ማን አለ?"

"ምሳ የምታደርስላቸው ሴት።"

አቶ ተስፋማርያም ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ሳቅ ነው። "ፍሬ፣ ይኼን ይዤ ቦርድ ፊት ልቁም? 'ክቡራን፣ ምሳ ቆጥረን መጣን' ልበል? ደግሞ ግድግዳው የተላላጠ ቤት ውስጥ ግቡ ትይኛለሽ። እዚያ ማን ያየናል?"

"ገንዘብ ያለው ሰው ያየናል። ሳይታይ ቀርቶ ነው እንጂ የሚሠራው እዚያ ነው። ሆቴሉን የሚያለብሰው፣ ስብሰባውን የሚያሰማው፣ ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያወጣው እዚያ ነው ያለው።"

"ቅርንጫፍ ለገንዘብ ብቻ አይከፈትም። ስማችን ካዛንቺስ ላይ በትልቁ መታየት አለበት፤ ሌሎቹ ባንኮች ሁሉ በየአደባባዩ ታይተዋል።"

"ታዲያ ሠላሳ ሰባተኛው ታፔላ ሆንን ማለት ነዋ!" አለች ፍሬሰላም። ድምጿ ከፍ እንዳለ የገባት አጠገባቸው የነበሩት ሁለት ሰዎች መተየብ ሲያቆሙ ነው።

አቶ ተስፋማርያም ወረቀቱን አጥፈው መለሱላት። "እስከ አሥር ሰዓት። 'አይመከርም' የሚለውን 'ይመከራል' አድርጊው፣ የምሳውን ነገር አውጪው፣ ፈርመሽ አምጪ። የቋሚነት ደብዳቤሽ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ማስፈራራቴ አይደለም።"

ማስፈራራት መሆኑን ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ፍሬሰላም ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ኮምፒውተሩን ከፈተች። "አይመከርም" ላይ ጠቋሚውን አስቀምጣ ብዙ ቆየች። ሦስት ፊደል ብቻ ነው የሚቀየረው። የቤት ኪራይ አለ፤ ታናሽ እህቷ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። የተሰናበተው ልጅም አለ፤ እሱም እዚሁ ወንበሮች መሃል ተቀምጦ ነበር የፈረመው።

ስልኳ ጠራ።

"ባንኳ፣ ፋኢዛ ነኝ። ቁጥርሽን ሰፊዎቹ ጋ ትተሽ ነው የሄድሽው።"

"አቤት ፋኢዛ።"

"ጻፍሽው?"

"ገና ነኝ።"

"ስሚኝ። ሃምሳ ያልኩሽን ጽፈሽ ከሆነ አጥፊው። ሃያ ዓመት ምሳ ቆጥሬ አንድ ቀን አጉድዬ አላውቅም፤ አንድ ቀን ተርፎኝም አያውቅም። አሥራ አንድ ነው። በቃ።"

ፍሬሰላም ገጹን ወደ ላይ መለሰች። ሪፖርቱ ላይ የመረጃ ምንጭ በሚለው ቦታ "የአካባቢው ነዋሪዎች" ብላ ነበር የጻፈችው።

"ከማን እንደሰማሁ ይጠይቁኛል" አለች። "ስምሽን ባልጽፍ ይሻላል መሰለኝ። ወረቀቱ የሕንፃው ባለቤት እጅ ከገባ በሩ ላይ ሊያስከለክልሽ ይችላል።"

"ይከልክለኛ! የሚቀርብኝ አሥራ አንድ ሳህን አይደል?" ከበስተጀርባዋ የሚታጠብ ብረት ይንኳኳል። "የኔን ቁጥር ስም የሌለው ሰው ተናገረው እንዲሉት ነው? ጻፊው። ከነአባቴ።"

"የአባትሽ ስም ማነው?"

"ሱሩር።"

አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ፍሬሰላም "የአካባቢው ነዋሪዎች" የሚለውን አጠፋችና በቦታው "ወ/ሮ ፋኢዛ ሱሩር፣ በአካባቢው ሃያ ዓመት ምሳ ያቀረቡ" ብላ ጻፈች። "አይመከርም" የሚለውን አልነካችውም። ወረቀቱ ከማተሚያው ሲወጣ ገና ትኩስ ነበር፤ ጥናቱን ያካሄደው ከሚለው ሥር የራሷን ስም ከነአባቷ ጽፋ ፈረመችና የአቶ ተስፋማርያምን በር አንኳኳች።