አማቴ ያደረሱት ናሙና

ልጄ ጠብቶ ሲጨርስ ይጮኻል። ሆዱ ይነፋል፣ እግሩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ይንፈራገጣል፣ ካካው አረንጓዴና አረፋ ያለው ነው። ትኩሳት የለውም፣ ክብደቱም አልቀነሰም። ስለዚህ የጠየቅሁት ሰው ሁሉ "ያልፋል" ይለኛል። ማለፉንማ መቼ አጣሁት፤ የሚያልፈው ግን በእኔ ላይ ነው።

የሕፃናት ክሊኒኩ ቀላል የሆድ ችግር ያለባቸውን ሕፃናት እያጠና ነው ሲባል ሰምቼ ተንደርድሬ ሄድኩ። ሐኪሟ ክዳኑ ላይ ማንኪያ ያለው ትንሽ ብልቃጥ ሰጠችኝ።

"የጠዋቱን ከዳይፐሩ ላይ ቆንጥረሽ አምጪልኝ" አለች። "አንጀቱ ውስጥ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ካነሱ፣ እነሱኑ የያዘ ጠብታ እንሰጠዋለን። ካላነሱ ግን ጥናቱ ውስጥ አይገባም።"

ጠብታው ሌላ ቦታ አይገኝም። ያቺ ብልቃጥ የልጄ ተስፋ ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት ብልቃጡን ሞልቼ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት። ስፌት ቤቴ ደንበኛ ስለቀጠርኩ አማቴ "እኔ አደርሰዋለሁ" አሉ። ከፍሪጅ ሲያወጡት እንኳ "ምግብ በሚቀመጥበት!" እያሉ አፍንጫቸውን ይዘው ነበር። አመሰገንኳቸው፤ አይ ሞኝነቴ!

ውጤቱን ባለቤቴ ራት ላይ ከስልኩ አነበበልን። ባክቴሪያዎቹ ሞልተዋል፣ ጠብታ አያስፈልገውም ይላል። ልጄ እቅፌ ውስጥ እየተንፈራገጠ ይጮኻል።

አማቴ ሳቁ።

"እኔ ነኝ ያዳንኳችሁ! ያንን አረንጓዴ ነገር የተማረ ሰው ፊት ላስቀምጥ? ልጅ ማሳደግ የማይችሉ ይበሉን? የእህትህ ቤት እንደሆነ መንገዴ ላይ ነው። ጎራ አልኩና ብልቃጡን በሳሙና አጥቤ ከእሷ ሕፃን ዳይፐር ሞላሁት። ወርቅ የመሰለ! እሱስ ቢሆን የኛው ደም አይደል?"

ባለቤቴ "እማዬ ደግሞ!" ብሎ መብላቱን ቀጠለ።

ጠዋት ልጄን ታቅፌ ወደ ክሊኒኩ ስወጣ፣ ገመናችንን አደባባይ ልታወጣው ነው ብለው ሁለቱም ተከተሉኝ። ለሐኪሟ አንድም ሳላስቀር ነገርኳትና ሌላ ብልቃጥ ስጪኝ አልኳት። እሺ ብላ መሳቢያዋን ከፈተች። ከዚያ ወደ አማቴ ዞረች።

"እማማ፣ እውነት ነው?"

"እኔ? እንዲህ አድርጌ እንደሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! የሰጠችኝን ነው ያደረስኩት" አሉና በመሀረባቸው ፊታቸውን ሸፍነው ያለቅሱ ጀመር። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል።

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። ትናንት ራት ላይ ከጎኔ ተቀምጦ በገዛ ጆሮው ሰምቷል።

"ንገራት እንጂ!" አልኩት።

ጉሮሮውን ጠረገ። መጀመሪያ እናቱን፣ ቀጥሎ ወለሉን አየ።

"ይቅርታ ዶክተር" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከወለደች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ያልተባለውን ሁሉ ተባለ ትላለች።"

ብናገር እብድ ልሆን፣ ዝም ብል ውሸታም ልሆን። ሐኪሟ መሳቢያውን መልሳ ዘጋችና እጄን ያዘችኝ።

"አይዞሽ፣ ልጅሽ ጤነኛ ነው" አለችኝ። "እናት ስትጨነቅ ልጅም ይጨነቃል። ለጥቂት ቀን አያቱ ይያዙልሽና አንቺ ተኚ።"

አማቴ እንባቸውን ጠረጉና ልጄን ከእቅፌ ወሰዱት።