እህቴን ሳያሳዩኝ

«እህቴን ሳያሳዩኝ! እህቴን ሳያሳዩኝ የት ሄዱ!»

ሰውየው ይህን እያለ ከበሩ እስከ ሟቹ ፎቶግራፍ ድረስ ደረቱን እየመታ ሲመጣ፣ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ የቡና ሲኒውን እንደያዘ ቀረ። ማንም አያውቀውም። ጎረምሳ አይደለም፣ ሽማግሌም አይደለም፤ ጠጉሩ ጆሮ ግንዱ ላይ ሸበት ብሏል፤ ኮቱ በአውቶቡስ መንገድ ተጨማዷል። ትንሽ ሻንጣ አንጠልጥሏል፤ እሷንም መሬት ሳያስቀምጥ ነው የሚያለቅሰው። ልቅሶው የይሉኝታ አይደለም። ከሟቹ ልጆች ልቅሶ ይበልጣል።

እርግጥ ከሟቹ ልጆች መብለጥ ከባድ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ቢያልፋትም ቤተሰቡ ዛሬም «ትንሿ» የሚላት ሴት ልጁ፣ አባቷ ከተቀበረ ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። በሐዘንተኞች አግዳሚ ላይ ከእናቷና ከታላቅ ወንድሟ ጋር ተቀምጣ ሰው ሲመጣ ትነሳለች፤ «እግዜር ያጽናሽ» ሲሏት «አሜን፣ እናንተንም ያቆይልን» ትላለች፤ መልሳ ትቀመጣለች። ሁሉንም አሳምራ ታደርገዋለች። የሚያስፈራትም ማሳመሯ ነበር።

የእናቷ እህት፣ አክስቷ፣ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። ይቺ ሴት ሹክሹክታ አይሆንላትም፤ ድምፅዋን ዝቅ ባደረገች ቁጥር ሰፈሩ ይሰማል።

«ሰማሽው? እህቴን ነው የሚለው።»

«ሰምቻለሁ።»

«በዚህ ቤት ያለሽው ሴት ልጅ አንቺ ብቻ ነሽ። ታዲያ የማን ወንድም ነው?»

«ተሳስቶ የሰው ለቅሶ ገብቶ ይሆናል።»

«ፎቶውን እያየ እኮ ነው የሚያለቅሰው! ደግሞ ስሚው፣ ‹አንቱ› ይላል። ከቤት ውጭ ያደገ ልጅ እንዲህ ነው፣ አባቱን አንቱ ይላል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!»

ታላቅ ወንድሟ የሰውየውን አፍንጫ እያየ የራሱን አፍንጫ ይዳስሳል። እናቷ ግን ብድግ ብላ፣ የሚያጽናኗትን ሰዎች እጅ እንደተዘረጋ ትታ፣ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ትንሿ ተከተለቻት።

«እማዬ፣ የአክስቴን አፍ እያወቅሽው።»

እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነጠላ ጫማዋን ታያለች። «አፏን አውቀዋለሁ። የፈራሁት አባትሽን ሳላውቀው ኖሬ እንደሆነ ነው። ሂጂና ሰውየውን ጠይቂው። የሚልሽንም ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ አምጪልኝ። ሌላ ልጅ ካለው አለው፤ ምን አደርገዋለሁ። ግን አብሬው የኖርኩት ሰው ማን እንደሆነ ሳላውቅ ለማን ብዬ ነው የማለቅሰው?»

ትንሿ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። እሷ ደግሞ ለማን እንዳላለቀሰች አታውቅም ነበር።

ቤታቸው ሦስት ነገር ነው። ፊት ለፊቱ ቢሮ፣ ጎኑ መኖሪያ፣ ጓሮው የሬሳ ሣጥን መሥሪያ። ሰፈሩ አባቷን «ሸኚው» ይለዋል፤ ሰው ግን የሚሸኘው ወደ መቃብር ብቻ አልነበረም። የሬሳ መኪናዋ ምጥ የያዛትን ሴት ሁሉ ሐኪም ቤት አድርሳለች፤ በመንገድ ላይ ስትከንፍ ሰው ቆሞ «ሞት ነው ወይስ ምጥ?» ብሎ ይጠይቃል። የትምህርት ቤቱ አግዳሚዎች የተሠሩት ከሣጥን በተረፈ ጣውላ ነው። አስተማሪው ትናንት ለቅሶ መጥቶ «ልጆቹ ጸጥ የሚሉልኝ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ሐዘንተኛውን አስቆታል።

የዚህ ቤት ዋናው ስጦታ ግን ጣውላም መኪናም አልነበረም። ዘመድ ነበር።

«ለቅሶ የሚደረሰው ለሞተው አይደለም፣ ለቀረው ነው» ይል ነበር አባቷ። የቀረ ሰው ከሌለ ሰፈሩ የሚያጽናናው ያጣል፤ የሚያጽናናው ካጣ አይመጣም፤ ካልመጣ ሟቹ በቆፋሪና በሾፌር ተሸኝቶ ያበቃል። ይሄ አባቷን ያንገበግበው ነበር። ስለዚህ ወገን የሌለው ሟች በመጣ ቁጥር ከቤተሰቡ ዘመድ ያወጣለታል። ድልድሉ የሚነገረው ቁርስ ላይ ነው። ዳቦውን እየቆረሰ፣ «አንቺ ሚስቱ ነሽ፤ አንተ የወንድሙ ልጅ፤ ትንሿ ደግሞ ልጁ» ይላል። ዘመድ ከተገኘ ጸጉር አስተካካዩም፣ ልብስ ሰፊዋም፣ ባለሱቁም ይመጣሉ፤ ነገሩን እያወቁ «እግዜር ያጽናችሁ» ብለው አብረው ይቀመጣሉ። እናቷ ማታ ጫማዋን እያወለቀች፣ «ስንት ባል እንደቀበርኩ የምናውቀው እኔና ቆፋሪው ብቻ ነን» እያለች ትስቅ ነበር።

ትንሿ በዚህ አደገች። የሰካራም ልጅ ሆናለች፤ የጡረተኛ ወታደር ልጅ ሆናለች፤ ስሙ እንኳ ያልታወቀ ሰው ልጅ ሆናለች። ብዙ አባት ቀብራለች። አሁን የራሷን አባት ቀብራ በዚያው አግዳሚ ላይ በዚያው ጥቁር ቀሚስ ስትቀመጥ፣ ልቧ ይሄኛውን ከእነዚያ መለየት አቃተው። ሰው ሁሉ ሲሄድ አባቷ ከቢሮው ብቅ ብሎ «በቃ፣ ልብስሽን ቀይሪ» የሚላት ይመስላታል።

ሰውየውን ያገኘችው ጓሮ፣ ከጣውላው መካከል ነው። ገና ያልተቀባ ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ ምን ላይ እንደተቀመጠ ያወቀ አይመስልም። ልትነግረው አልደፈረችም። ከፔርሙዙ ቡና ቀድታ ሰጠችው።

«ይጠጡ፤ ከመንገድ ነው የመጡት።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ልጃቸው ነሽ?»

«ነኝ።»

«ይቅርታ፣ ቤቱን ረበሽኩት። ከአውቶቡስ ወርጄ አድራሻውን ስጠይቅ ነው ማረፋቸውን የሰማሁት። እሷን የሚያውቋት እሳቸው ብቻ ነበሩ።»

«እህትዎን?»

«አዎ።»

ጥያቄው ከአፏ እንዴት እንደሚወጣ ጨነቃት። «እህትዎ የማን ልጅ ናት?»

«የአባቴ ናት እንጂ የማን ትሆናለች!»

«አባትዎስ?»

ሰውየው ያመማት መስሎት አያት። «አባቴማ ቢላዋና መቀስ እየሳለ የሚያድር ሰው ነበር። ከተማ ለከተማ ይዞራል። አንድ ቀን እንደወጣ ቀረ።»

ትንሿ ትንፋሿ መለስ አለ። ሌላ አባት ነው። ወደ እናቷ ልትሮጥ ፈልጋ ነበር፤ ሰውየው ግን አንዴ ጀምሯል።

«በኋላ እዚህ ከተማ ሞቶ እናንተ እንደቀበራችሁት ሰማሁና ስልክ ደወልኩ። አባትሽ አነሱት። ‹አይዞህ ልጄ፣ ብቻውን አልተቀበረም፤ ሴት ልጁ ራስጌው ተቀምጣ አልቅሳ ነው የሸኘችው› አሉኝ። እኔ እኮ ለአባቴ አንድ ነኝ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት።»

የፔርሙዙ ክዳን ከእጇ ወደቀ። አላነሳችውም።

«እኛን ጥሎ ሌላ ቤት ሠርቷል አልኩ። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ። ያቺን ልጅ ግን ጠላኋት፤ ሳላያት ጠላኋት። ከዚያ እናቴ ሞተች። እኔም ሳላገባ፣ ሳልወልድ ቀረሁ። ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሆን፣ እንጃ፣ ጥላቻው የት እንደሄደ አላውቅም፣ እህት እኮ አለችኝ እያልኩ መጽናናት ጀመርኩ። የአባቴ መልክ ጠፍቶብኛል። እሷ ላይ አየዋለሁ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ውሸት ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። «ከተማውን ለቃ ሄዳለች» ብትለው፣ ሰውየው እህቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ቢያንስ የት እንዳለች የማያውቃት እህት ትኖረዋለች። እውነቱን ብትነግረው ባዶ እጁን ነው የሚሄደው። ግን ከግድግዳው ወዲያ እናቷ አለች፤ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ብላታለች። ሰውየው ሳሎን ገብቶ እህቴ ከተማውን ለቃለች ቢል የአክስቷ ወሬ እውነት ይሆናል። ለአንዱ ያዘነች እንደሆነ በሌላው ትጨክናለች።

«እህትዎ እኔ ነኝ» አለችው።

ሰውየው ብድግ አለ። ፊቷ ላይ፣ ግንባሯ ላይ፣ አገጯ ላይ የአባቱን መልክ ፈለገ፤ ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። «ማለት... እናትሽ... ከአባቴ ጋር?»

«ኧረ ምን ጣጣ ነው! አይደለም! ቆይ ላስረዳዎት።»

አስረዳችው። ሲነገር ደግሞ የባሰ እብደት ይመስላል፤ ስለ ቁርሱ ድልድል፣ ስለ ተመደበ ዘመድ፣ ስለ ጥቁሩ ቀሚስ። ሰውየው ሰማና ቀስ ብሎ ሣጥኑ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ስለዚህ እህት የለኝም።»

«የለዎትም።»

«ሌላ ቤትም አልነበረውም?»

«አንዲት የኪራይ ክፍል ነበረችው። ብቻውን ነው የኖረው።»

«ታዲያ ለምን አልተመለሰም?»

«አላውቅም።»

«አባትሽ ዋሹኝ ማለት ነው?»

ትንሿ የፔርሙዙን ክዳን ከመሬት አነሳች። በዚህ ቤት ቋንቋ ውሸት አልነበረም፤ ልጁ ተብላ ተቀምጣለች፣ አልቅሳለች። ለማያውቅ ሰው በስልክ ሲነገር ግን ምን ይባላል? አባቷ ማጽናናቱ ነበር ወይስ ሰውየው የቤቱን ልማድ አያውቅም ብሎ አላሰበም? አባቷን ተናደደችበት። ቢሮ ገብታ «አባዬ፣ ምን ነካህ? ሰው እኮ በአባቱ ቂም ይዞ ኖረ!» ልትለው እግሯ ተነሳ። አንድ እርምጃ ከተራመደች በኋላ ነው ቢሮው ውስጥ ማንም እንደሌለ የገባት። ነገሩን የሚያስረዳት አንድ ሰው ነበር፤ እሱን ቀብረውታል። እውነትም ሞቷል አለች በልቧ።

«ያኔ አልቅሰሻል?» አላት ሰውየው።

«አልቅሻለሁ። ግን ለእሱ ይሁን ለራሴ አላውቅም። ያን ቀን ትምህርት ቤት ዝግጅት ነበረን፣ ቀረብሽ ተብዬ ተናድጄ ነበር። ደግሞ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሌላ ሟች ይሆናል። ይደባለቁብኛል።»

«መልኩን አታስታውሺውም?»

ልትዋሽለት ፈለገች። «አላስታውሰውም። ጣቶቹን ብቻ። ጫፋቸው ጥቁር ነበር፣ የሞረዱ ብረት ገብቶባቸው። አባዬ በሳሙና አሽቶ አሽቶ አልለቅ ሲለው ተወው። ‹የሠራበት ነው፣ አብሮት ይሂድ› አለ።»

ሰውየው የራሱን ጣቶች ማየት ጀመረ። አሁን ሲያለቅስ ድምፅ አልነበረውም።

እናቷ መኝታ ቤቱ ውስጥ ሁሉንም ቆማ ሰማች። ትንሿ ስትጨርስ መጀመሪያ የመጣባት ሳቅ ነው፤ አፏን በመሐረብ ይዛ ተንከተከተች። «እኔኮ እዚህ ተቀምጬ፣ ‹ስንት ባል ቀብሬ እሱ አንድ ልጅ ቢወልድ ምን ይፈረድበታል› እያልኩ ራሴን ሳባብል ነበር!» አለች። ከዚያ ሳቁ ሳያልቅ ልቅሶው ደረሰ። በስሙ ጠርታ፣ ሞኜ፣ የኔ ሞኝ እያለች አለቀሰችለት። ትንሿ እናቷን ደግፋ ወደ ሳሎን ስትመልሳት የራሷ ዓይን አሁንም ደረቅ ነበር።

ሰውየው ሻንጣውን አንስቶ በሩ ጋ ቆሟል። ከለቅሶ ደራሾቹ ጋር እንዳይቀመጥ ሟቹን በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ እንዳይሄድም ወዴት እንደሚሄድ የጠፋበት ይመስላል። አክስቷ በዚያች ሹክሹክታዋ፣ «አልተዛመደም አይደል? እንግዲያ ምን ይጠብቃል?» አለች። ቤቱ ሁሉ ሰማ። ሰውየውም ሰማና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«የት ትሄዳለህ?» አለችው ትንሿ። አንቱታውን የት እንደጣለችው አላወቀችም። ወደ እናቷ ጠጋ ብላ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገችና አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቀችለት። «ና ተቀመጥ እንጂ።»

መጥቶ ተቀመጠ፤ ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

ጸጉር አስተካካዩ ከነጓደኞቹ ገባ። የእናቷን እጅ ጨበጠ፣ የወንድሟን ጨበጠ፣ ከዚያ እሷ ፊት ቆመ። «እግዜር ያጽናሽ፣ ትንሿ።»

አፏን ከፈተች። ለዚያ ሁሉ ሟች ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመልሰው የኖረችው መልስ አልመጣም። ጸጉር አስተካካዩ እጇን እንደያዘ ጠበቀ። «አባዬ» የምትል ነገር ብቻ ወጣች፣ ከዚያ በኋላ የወጣው ቃል አልነበረም።

«አሜን» አለ ሰውየው ከጎኗ፣ ስለ ሁለቱም።

እሷ የተጨማደደውን የኮቱን እጅጌ ጨብጣ ያዘች፤ ቀጣዩ ለቅሶ ደራሽ እጁን ሲዘረጋላትም አለቀቀችውም።