በዝምታ የሚመረምረው ቱሬ

ቱሬ የፖሊስ መርማሪ ከሆነ ገና ወር አልሞላውም፤ እናቱ ግን ሁካላ መንደር ውስጥ ላለ ጆሮ ሁሉ ወሬውን አዳርሳለች። ጭንቀቱም እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያ ጉዳዩን እስከ ዓርብ ካልቋጨ አለቃው ሲርካ ወደ ትራፊክ ልትመልሰው ቆርጣለች። ፊንላንድ ውስጥ በየካቲት ብርድ መንገድ መሀል ቆሞ መኪና ማሳለፍ አጥንት ይሰብራል፤ የእናቱ ጎረቤቶች በመስኮት እያዩት መሆኑ ደግሞ ከብርዱ ይብሳል።

ጉዳዩም ተራ ጉዳይ አልነበረም። የመንደሩ ሰው በጋራ በእንፋሎት የሚታጠብበት የሳውና ምድጃ ተሰርቋል። ሰው ቢሞት ሁካላ ያዝናል፤ ምድጃው ሲጠፋ ግን ወንዱ ሁሉ የሚገባበት ጠፋው። ሌባው ምድጃው ላይ ለእንፋሎቱ የሚግሉትን ድንጋዮች አውርዶ በወግ በወጉ ደርድሯል፤ ወለሉንም ጠርጎ ሄዷል። ምድጃው የተጎተተበት የበረዶ ጋሪ ዱካ ሄዶ ሄዶ የአባባ ታኔሊ ደጃፍ ላይ ይቆማል።

ቱሬ ሽማግሌውን አስጠርቶ ምርመራ ክፍል አስቀመጣቸውና ሄልሲንኪ ላይ የሠለጠነውን ዘዴ መዘዘ። አሠልጣኙ ከለንደን የመጣ ሰው ነበር። «አትጠይቁ» ብሏቸዋል ሠልጣኞቹን። «ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ዝምታ ሰውን ያስጨንቃል፤ ሲጨንቀው ራሱ ይለፈልፋል።»

ቱሬ ዝም አለ። አባባ ታኔሊም ዝም አሉ። ቱሬ ሲያፈጥባቸው በአክብሮት አንገታቸውን ደፋ ቀና አደረጉለት። ቡና መጣ፤ ጠጡ። የምሳ ሰዓት ደረሰ፤ አለፈ። አመሻሽ ላይ ሽማግሌው ተነሡ፣ ካፖርታቸውን ደረቡ፣ የቱሬን እጅ ጥብቅ አድርገው ጨብጠው ወጡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ስለነበር ቱሬ ጸጸት መስሎት ደስ አለው።

በማግስቱ ሳይጠሩ መጡ፤ ዓሣ የተጋገረበት የአጃ ዳቦ በብብታቸው ይዘው። ያን ቀንም ሁለቱ ትንፍሽ ሳይሉ ዳቦውን ጨርሰው ተለያዩ።

ሐሙስ ዕለት ቱሬ ጣቢያ ሲደርስ መተላለፊያው ላይ ወንዶች ተሰልፈው አገኘ።

«ምን ልታዘዝ?» አለ።

«ልጠረጠር ነው የመጣሁት» አለ የፊተኛው፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ።

«በምን ጉዳይ?»

«አንተ ደስ ባለህ። ዝም የሚባልበት ክፍል ከፍተሃል ሲሉ ሰምተን ነው።»

ሲርካ ሰልፉን አየችና ቱሬን ጥግ አስያዘችው። «አንተ የየት አገር ልጅ ነህ?»

«የሁካላ።»

«የሁካላን ሰው በዝምታ ልታስጨንቅ? ዓሣን ውሃ ውስጥ ከትተህ አሰጥምሃለሁ ማለት እኮ ነው። ነገ ዓርብ ነው፤ የትራፊክ ፊሽካህን ፈልገህ አስቀምጥ።»

ዓርብ ጠዋት አባባ ታኔሊ እንደ ልማዳቸው ወንበራቸው ላይ ተሰይመው ሳለ ባለቤታቸው እማማ ሄልቪ ዘው ብለው ገቡ። እማማ ሄልቪ ትውልዳቸው ካሬሊያ ነው፤ የካሬሊያ ሰው ደግሞ ጨዋታ ሲወድ ለጉድ ነው።

«ባሌን ፍታልኝ፣ አንተ ልጅ።»

«አልታሰሩም እማማ። በገዛ እግራቸው ነው የሚመጡት።»

ቱሬ ከዚህ በላይ የሚለው አልነበረውም። ያ የለንደኑ ዘዴ ትዝም አላለውም፤ ፊሽካውን እያሰበ ሆድ ብሶት ቁጭ አለ። እማማ ሄልቪ አንዱን አዩ፤ ዝም። ሌላውን አዩ፤ ዝም። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ተነሡ። ሻሻቸውን ፈትተው መልሰው አሰሩ።

«እንዲህ አትዩኝ» አሉ። ማንም እያያቸው አልነበረም።

ከግድግዳው ሰዓት በቀር ድምፅ የለም።

«እሺ፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት። ድንች ጉድጓድ ውስጥ በጆንያ ሸፍኜዋለሁ፤ ጭረት እንኳ አልነካውም። ምን ላድርግ? ይሄ ሰውዬ በየምሽቱ ሳውና ነው፣ ከነዚያ ዱዳዎች ጋር። እኔ ከድመት ጋር ሳወራ ልሙት? ምድጃው ቢጠፋ ቤቱ ያመሽልኛል ብዬ ነው። እሱ ግን ዝምታ ፍለጋ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ መጣ።» እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

ቱሬ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አባባ፣ ያውቁ ነበር?»

«ከመጀመሪያው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅኸኝማ።»

ከዚያ አባባ ታኔሊ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«የመጀመሪያውን ቀን ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽሽም። ከዚያ ወዲህ የመጣሁት ግን ይሄ ልጅ እኔን እስከጠረጠረ አንቺን አይጠረጥርም ብዬ ነው። ደግሞ ከነሱ ጋር ዝም ስል እያረፍኩ ነው። ካንቺ ጋር ዝም ስል እየሰማሁሽ ነው። የነገርሽኝን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ለድመቷ ያወራሽውን ሳይቀር።»

እማማ ሄልቪ አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። የባላቸውን እጅ ያዙና ተቀመጡ፤ ቱሬም ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ አብሯቸው ተቀመጠ።

ሲርካ ወደ ትራፊክ ልትመልሰው በሩን ስትከፍት ያገኘችው ይህንን ነው። እማማ ሄልቪን ትኩር ብላ አየች። ጠበቀች። አሁንም ጠበቀች። ከዚያ ቱሬን ወደ ውጭ ጠራችው።

«ምድጃውስ?» አለች በሹክሹክታ።

«ተገኝቷል። ነገ ለቅዳሜው ሳውና ይደርሳል።»

«ምድጃውን ተወው። እማማ ሄልቪ ሰርጌ ላይ ቄሱን እንኳ ንግግሩን አላስጨረሱትም ነበር እኮ። እሳቸውን ዝም ያሰኘ መርማሪ ትራፊክ ላይ አይባክንም።»

ቱሬ ዝም ያሰኛቸው እሱ እንዳልሆነ ሊነግራት አፉን ከፈተ። ከዚያ እናቱን አሰበና መልሶ ገጠመው።